የተሰረጎደ የፎም አውሮፕላን፦ ከስቱኮ በፊት ሙቅ ውሃ

ጥያቄ፦ የክንፉ ስፋት 1.2 ሜትር የሆነ በሪሞት የሚበር የኢፒኦ ፎም አውሮፕላን አለኝ። ሲያርፍ ድንጋይ ላይ ወድቆ የግራ ክንፉ የፊት ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ተሰረጎደ፤ ከክንፉ ጫፍም ትንሽ ቁራጭ ተቦጭቆ ጠፋ፤ ሆዱ ተፈግፍጎ ቀለሙ ተላጠ። ስርጉዱን በግድግዳ ስቱኮ ሞልቼ ነጭ ቀለም ቀባሁት። ጥቂት እንደበረረ ስቱኮው ተሰነጠቀ፤ ቀለሙም በጥፍር ሲነካ ይላጣል፤ ከሩቅ ሲታይ ደግሞ ነጩ ከቀረው ክንፍ ጋር አይገጥምም። አውሮፕላኑን ሳላከብደው እንዴት ላስተካክለው?

መልስ፦ ስቱኮው የተሰነጠቀው ስለቀጠነ ወይም በደንብ ስላልደረቀ አይደለም። ስርጉዱን ሞሉት እንጂ ፎሙን ወደ ቦታው አልመለሱትም። የግድግዳ ስቱኮ ግትር ነው፤ ክንፍ ደግሞ በበረራ ላይ ዘወትር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። 5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ግትር ነገር እንዲህ በሚተጣጠፍ ነገር ላይ ሲቀመጥ ከዳር ጀምሮ መላቀቁ አይቀርም። መፍትሔው የተሻለ ስቱኮ መፈለግ ሳይሆን ለስቱኮ የሚቀረውን ሥራ ማሳነስ ነው።

ኢፒኦ የፖሊስቲሪንና የፖሊኤቲሊን ድብልቅ ነው። እርስ በርስ ከተጣበቁ ትንንሽ እንክብሎች የተሠራ ሲሆን በየእንክብሉ ውስጥ በስስ ግድግዳ የተከፋፈሉ የአየር ጓዳዎች አሉ። ሲመታ ግድግዳዎቹ ይጨማደዳሉ እንጂ አብዛኞቹ አይቀደዱም፤ አየሩም ከውስጥ አይወጣም። ሙቀት ሲያገኝ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ የታፈነው አየር ይለጠጣል፣ የተጨማደደውንም ግድግዳ ወደ ውጭ ይገፋዋል። የእርስዎን የመሰለ ስርጉድ አብዛኛው ክፍል ያለ ምንም መሙያ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ባትሪውን ያውጡ፣ ፕሮፔለሩን ይፍቱ፣ ክንፉንም ከአካሉ ይለዩ። ከዚያ ክንፉን በሁለት እጅ ይዘው በቀስታ ያጥፉት፤ የሚከፈት ስንጥቅ፣ ክንፉን አቋርጦ የሚሄድ ነጭ የእጥፋት መስመር ወይም ከውስጥ የሚንቋቋ ድምፅ ካለ ጉዳዩ የመልክ ብቻ አይደለም። የተሰበረ የካርቦን ዘንግ ወይም የተላቀቀ መጋጠሚያ በስቱኮና በቀለም ተሸፍኖ ወደ አየር መውጣት የለበትም፤ መጀመሪያ እሱ ይጠገን።

አሮጌውን ስቱኮ ለማንሳት ቀለሙን በካተር ጫፍ ላይ ላዩን ይሰንጥቁና እርጥብ ጨርቅ አስደግፈው 20 ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ይፈንቅሉት። ብረት አይጠቀሙ፤ ምላጭ የፎሙን ለስላሳ የላይኛ ቆዳ ይዞት ይነሳል፣ ያ ቆዳ አንዴ ከሄደ ደግሞ የሚታዩት እንክብሎቹ ናቸው። በአካባቢው ያለውን ስቲከር ማትረፍ ከፈለጉ አሁኑኑ በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርገው ወደ ኋላ አጥፈው በዝግታ ይላጡት፤ ሙቅ ውሃ ሲነካው በራሱ ጊዜ ተነስቶ ይሸበሸባል።

አሁን ውሃውን ያፍሉ፤ ከእሳት አውርደው አንድ ደቂቃ ያህል ያቆዩት። ክንፉን የፊት ጠርዙን ወደ ታች አድርገው ባዶ ሳፋ ላይ ያዘንብሉና ውሃውን በስርጉዱ ላይ ብቻ፣ በቀጭኑ፣ ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ያፍስሱ። ያቁሙና ይዩት። ፎሙ ሲነሳ በዓይን ይታያል። እንደገና ያፍስሱ፣ እንደገና ይዩት። ሦስትና አራት አጭር ማፍሰስ ከአንድ ረጅም ማፍሰስ ሺህ ጊዜ ይሻላል። ምክንያቱም ሙቀቱ ሲበዛ ያልተጎዱት እንክብሎችም መነፋት ይጀምራሉ፤ ለስላሳው ገጽ እንደ አዞ ቆዳ ይጎረብጣል፣ ያ ጉርብጥብጥ ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። ፎሙ ገና ሙቅ ሳለ ጠርዙን በእርጥብ ጣት ከመሃል ወደ ዳር እያሹ ቅርጽ ያስይዙት፣ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ያብርዱት። የሚያስተያዩት ከቀኙ ክንፍ ጋር ይሁን፤ ከካርቶን የቀኙን ጠርዝ ቅርጽ ቆርጠው በግራው ላይ እያገላበጡ ቢለኩ ዓይን የማያየውን ልዩነት ያገኙታል።

ሰርቮ (ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) ባለበትና መጋጠሚያ ላይ ውሃ አያፍስሱ። ሰርቮ በውሃ ይበላሻል፤ በፋብሪካ በትኩስ ማጣበቂያ የተያዙ ክፍሎችም በዚህ ሙቀት ይለቃሉ። እንዲህ ላለ ቦታ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ አንጥፈው በካውያ ጫፍ ለሁለትና ለሦስት ሰከንድ ነካ ነካ ማድረግ ይበቃል፤ ሥራውን የሚሠራው ከጨርቁ የሚወጣው እንፋሎት ነው። ካውያው ፎሙን በቀጥታ ከነካ ያቀልጠዋል። በከፍተኛ ሙቀት የሚነፋውን የቀለም ማንሻ መሣሪያ ግን ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ ፎሙን በማንሳትና በማቅለጥ መካከል ያለው ጊዜ ለእጅ አይበቃም።

ይህ ሁሉ የተባለው ለኢፒኦ ነው። አውሮፕላኑ የተሠራው ከኢፒኤስ፣ ማለትም ለዕቃ ማሸጊያ ከሚውለው ነጭ ፎም ከሆነ ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች መሆን አለበት፤ ያለበለዚያ ፎሙ በመነሳት ፈንታ ይኮማተራል። ኢፒፒ ደግሞ ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ ላስቲክ መሰል ስለሆነ ስርጉድ ብዙም አይዝም። መለየት ካቃተዎት በባትሪ ማስቀመጫው ውስጥ፣ ከዓይን በተሰወረ ቦታ በጥፍር ይጫኑት፦ ኢፒኤስ ተንኮሻኩሾ እንደተጫነ ይቀራል፣ ኢፒፒ ቶሎ ይመለሳል፣ ኢፒኦ በሁለቱ መካከል ነው።

የተቦጨቀው የክንፍ ጫፍ በስቱኮ አይሞላም። ከተሰበረ አሮጌ ክፍል ወይም ተመሳሳይ ከሆነ ፎም ቁራጭ ይውሰዱ። ጉዳቱ ያለበትን ቦታ በአዲስ የካተር ምላጭ ቀጥ ባሉ መስመሮች ቆርጠው ያጽዱት፤ የተቦጫጨቀ ጠርዝ ከምንም ጋር አይገጥምም። ቁራጩን በዚያው ልክ፣ ግን ከገጹ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ከፍ እንዲል አድርገው ይቁረጡት። ማጣበቂያው ለፎም የተሠራ ይሁን። ተራ ሱፐር ግሉ ኢፒኦን ብዙ ባይጎዳም ኢፒኤስን አሟሙቶ ጉድጓድ ያወጣበታል፤ ጠንካራ መፍቻ ያለበት ማስቲሽም እንዲሁ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ማጣበቂያውን እስከ ጠርዙ ድረስ በመቀባት ነው። የደረቀ ማጣበቂያ ከፎሙ ይጠነክራል፤ በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ፎሙ ይበላል፣ ማጣበቂያው ግን ሸንተረር ሆኖ ይቀራል፤ ቀለም ከተቀባ በኋላም ከሁሉ በፊት የሚታየው እሱ ነው። ስለዚህ ማጣበቂያውን ከገጹ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ያቁሙት። ሲደርቅ ትርፉን በአዲስ ምላጭ ሸርፈው፣ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ ቁጥር 240 ብርጭቆ ወረቀት በአንድ አቅጣጫ ያስተካክሉት። ኢፒኦ ባረጀ ብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ይጎፍራልና ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀሩት የእንክብል ክፍተቶችና ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ጉድጓዶች ናቸው። ስቱኮ ተራው አሁን ነው። የሚያስፈልገው ቀላሉ ዓይነት ነው፤ በውስጡ ባዶ የሆኑ ደቃቅ የብርጭቆ ኳሶች ስላሉት ሙሉ ቆርቆሮው ሲነሳ ባዶ ይመስላል። ተራው የግድግዳ ስቱኮ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ከባድና ተሰባሪ ነው። ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምረው ያለስልሱት። ጠንከር እንዲልልዎ ከፈለጉ ለ10 እጅ ስቱኮ 1 እጅ ነጭ የእንጨት ኮላ ይጨምሩ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ማሸት ያስቸግራል። በጉዳቱ ዙሪያ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ። የመጀመሪያውን ስስ ንብር በጣት እየጫኑ ወደ ክፍተቶቹ ያስገቡ፣ ሁለተኛውን በፕላስቲክ ካርድ ይሳቡት። ስቱኮ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ከገጹ በጥቂቱ ከፍ ይበል። ስስ ንብር በአንድና ሁለት ሰዓት ይደርቃል፤ ወፈር ያለውን ግን አሳድሩት።

ከመድረቁ በፊት ጠርዙን በእርጥብ ስፖንጅ ቢያለሰልሱት የማሸቱ ሥራ በግማሽ ይቀንሳል። ይህ ቀላል ስቱኮ ከኢፒኦ ይልቅ ለስላሳ ነው። በጣት ተጭነው ካሹት ስቱኮው ጎድጉዶ ፎሙ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ቁጥር 320 ወረቀት በእንጨት ላይ ጠቅልለው፣ የእንጨቱ ክብደት ብቻ እንዲሠራ ሳይጫኑ ይሹት። ወረቀቱ ፕላስተሩን መንካት ሲጀምር ያቁሙ፣ ፕላስተሩን ያንሱ፣ የቀረችውን ስስ ደረጃ በቁጥር 400 ያጥፉ።

ቀለሙ የተላጠው ፎሙ ስላልተዘጋጀ ነው። ከፋብሪካ ቅርጽ ሲወጣ የተረፈ ቅባት፣ የእጅ ወዝና የሚያንሸራትተው ቆዳ ተደምረው ቀለሙ የሚይዘው ነገር ያሳጡታል። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበው ያድርቁት፣ ገጹን በቁጥር 400 ላይ ላዩን ይንኩት፣ ከዚያ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉት። አልኮል የፋብሪካውን ቀለም ሊያነሳ ስለሚችል መጀመሪያ በተደበቀ ቦታ ይሞክሩት። ቲነርና አኳራጂያ አጠገቡ አይድረሱ።

ስቱኮ ቀለም ይመጥጣል። በላዩ በቀጥታ ከቀቡት ያ ቦታ ደብዝዞ ይታያል። ስለዚህ ሁለት ስስ ንብር የውሃ ቫርኒሽ ይቅደም፤ በንብሮቹ መካከል በቁጥር 400 አንድ ጊዜ ነካ ያድርጉት። ከዚያ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም በሁለት ወይም በሦስት ስስ ንብር ይከተል። የቆርቆሮ ስፕሬይ የግድ ከሆነ ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት እንደ ጭጋግ ስስ አድርገው ይርጩ፣ በየመሃሉ ያድርቁት፤ ገጹ እስኪረጥብ ከረጩት መፍቻው ፎሙን ይበላዋል። በኢፒኤስ ላይ ግን ጨርሶ አይጠቀሙበት።

ስለ ነጩ ቀለም፦ ያልተቀባ ነጭ ፎም ፀሐይ ሲመታው እየቆየ ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ከቆርቆሮ የወጣ ንጹሕ ነጭ በላዩ ሲቀባ የሚያንጸባርቅ ቁራጭ ጨርቅ ይመስላል። ለአንድ ማንኪያ ነጭ ቀለም የጥርስ መፋቂያ ጫፍ ያህል አፈር ቢጫ፣ ከዚያ ያነሰ ግራጫ ይጨምሩ፤ ካርቶን ላይ ቀብተው ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ በቀን ብርሃን ከክንፉ ጋር ያስተያዩ። አክሪሊክ ሲደርቅ ትንሽ ይጠቁራልና እርጥቡን አይመኑ። ይሁንና ብዙውን ጊዜ ዓይን የሚይዘው የቀለሙ ልዩነት ሳይሆን የማብረቁ ልዩነት ነው፤ ፎሙ ደብዛዛ ከሆነ መጨረሻው ደብዛዛ ቫርኒሽ ይሁን። አዲሱን ቀለም በሰፊው ክንፍ መሃል አያቁሙት፤ በቅርጹ ላይ ወዳለው የመስመር ጭረት ወይም ወደ ስቲከሩ ጠርዝ አድርሰው እዚያ ይጨርሱ። የወረቀት ፕላስተሩን ከመለጠፍዎ በፊት ልብስዎ ላይ አንዴ ለጥፈው ያንሱት፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ያለዚያ የፋብሪካውን ቀለም ይዞ ይነሳል። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ለሰፊ ቦታ አይምረጡ፤ ፀሐይ ላይ ሲቆም ይግልና ፎሙን ይነፋዋል።

ሆዱን አያስውቡት። በእያንዳንዱ ማረፍ መሬት የሚነካ ቦታ ላይ የተደረገ ስቱኮ ዕድሜ የለውም። አጥበው፣ የተነሳውን ቆዳ ሸርፈው፣ ቀለም ካስፈለገ አንድ ስስ ንብር ቀብተው፣ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ብርሃን አሳላፊ የማሸጊያ ፕላስተር ከአፍንጫ ወደ ጅራት ርዝመቱን ይለጥፉ። ሲያልቅ ይላጣል፣ ሌላ ይለጠፋል።

ክብደቱ የሚያሳስበው ከሁሉ ይልቅ ጅራት ላይ ነው። ጅራቱ ከክብደት ማዕከሉ 60 ሴንቲ ሜትር፣ አፍንጫው ደግሞ 25 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ጅራት ላይ የተጨመረ 5 ግራም አፍንጫ ላይ 12 ግራም ማካካሻ ይፈልጋል። ስለዚህ ጅራት ላይ ስቱኮ አይብዛ። አይለሮን (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) እና ሌሎች ተንቀሳቃሽ ክፍሎች በሚታጠፉበት መስመር ውስጥ ቀለምም ሆነ ስቱኮ አይግባ፤ ማጠፊያው ይደርቃል፣ ሰርቮውም በከንቱ ይደክማል። ሁሉም ሲደርቅ አውሮፕላኑን አገጣጥመው ባትሪውን በቦታው አስገብተው የክብደት ማዕከሉን በመመሪያው ላይ በተጠቀሰው ቦታ ያረጋግጡ። ከዚያ ከአፍንጫና ከጅራት መሃል መስመር በሁለት ጣት አንጠልጥለው ክንፉ ወደየት እንደሚያዘነብል ይዩ፤ የተጠገነው ግራ ክንፍ ወደ ታች ከወረደ በቀኙ ጫፍ እስኪስተካከል ድረስ ጥቂት ግራም በፕላስተር ይለጥፉ።