እከክ የያዛቸው አራቱ በጎች ብቻ አይደሉም

ጥያቄው የመጣው መንዝ ውስጥ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው። ጠያቂው 14 በጎች ያሏቸው አባወራ ናቸው። «ከገበያ አንድ አውራ በግ ገዝቼ ቀላቀልኩ። አሁን አራቱ በጎቼ ግድግዳ ባገኙ ቁጥር ይታከካሉ። ጠጉራቸው እየረገፈ ነው፤ ጀርባቸው ላይ ቅርፊት ወጥቷል። ጎረቤቴ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባባቸው ይለኛል። ልቀባ ወይ? ሁለቱን ሙክቶች ደግሞ ለፋሲካ ልሸጣቸው ነበር» ይላሉ።

ዘይቱን ይተዉት። የተቃጠለ ዘይት ቆዳ ያቃጥላል፤ በጉ ሲልሰው ደግሞ ይመረዛል። ጠጉሩም ቆዳውም ይበላሻል፤ ከበግ ጠጉር ባና (ወፍራም ብርድ ልብስ) ለሚሠራበት አገር ይሄ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ለባቄላ ወይም ለስንዴ የተገዛ ፀረ-ተባይ በግ ላይ መርጨትም ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል።

አሁን ወደ በጎቹ። የነገሩን ምልክት እከክ ይመስላል፤ ግን እከክ የምንለው ሁሉ መነሻው አንድ አይደለም። ጠጉሩን በጣትዎ ገልጠው በፀሐይ ይመልከቱ። ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ ስድስት እግር ያለው፣ ክንፍ የሌለው ነፍሳት በጠጉሩ ውስጥ ሲሮጥ ካዩ ደም መጣጭ የበግ ዝንብ ነው። ነጣ ያለ ደቃቅ ነገር ካዩ ቅማል ነው። ምንም ሳይታይዎት ቆዳው ከወፈረ፣ ቅርፊት ከሠራና ከቆሰለ ግን ማይት የሚባለው ደቃቅ የቆዳ ተባይ መሆኑን ይጠርጥሩ። ማይት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ በዓይን አይያዝም። አንደኛው ዓይነት ጠጉር የበዛበትን ጀርባና ጎን ይወዳል። ሌላው ቆዳ ውስጥ እየቦረቦረ ከንፈር፣ አፍንጫና ጆሮ አካባቢ ይወጣል።

አንድ ቀላል ፈተና አለ። የሚታከከውን በግ ጀርባ በጥፍርዎ ይከኩለት። በጉ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚያኝክ ከመሰለ ማሳከኩ የምር ነው። ይሄ ግን የትኛው ተባይ እንደሆነ አይነግርዎትም። ለዚያ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ቅርፊቱን በምላጭ ጫር አድርጎ በማይክሮስኮፕ ያያል። የሚፋቀው ከቁስሉ መሀል ሳይሆን ከዳሩ ነው፤ ሕያው ማይት የሚገኘው እዚያ ነው። ጠቦት አፉ ላይ ብቻ ቅርፊት ካወጣ ወይም በጉ ትኩሳት ይዞት እብጠት ከወጣበት ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሳይታይ መርፌ አይወጋ።

ይሄ ምርመራ ለምን እንዳስፈለገ ልንገርዎት። ብዙ ሰው አይቨርሜክቲን የሚባለውን የተባይ መርፌ ያስወጋና በጎቹ መታከካቸውን ሲቀጥሉ «መድኃኒቱ ውሃ ነው» ይላል። መርፌው በደም በኩል ነው የሚሠራው። የበግ ቅማል ግን አብዛኛው ደም አይመጥም፤ የቆዳ ፍርፋሪ ነው የሚበላ። ስለዚህ ለማይት የረዳ መርፌ ለቅማል ላይረዳ ይችላል። ቅማል ከሆነ ለእንስሳት በተዘጋጀ ዲያዚኖን በሚባል ፀረ-ተባይ መድኃኒት መንከር ወይም በደንብ እስኪርስ መርጨት ይሻላል።

ማይት ከሆነ የ1 በመቶ አይቨርሜክቲን መጠኑ ለ50 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ የሚወጋውም ከቆዳ ሥር ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ናት፤ 25 ኪሎ ለምትመዝን ግማሽ ሚሊ ሊትር ይበቃታል። ክብደቱን በግምት አሳንሶ መውጋት ተባዩን መድኃኒት ማለማመድ ነው። ሚዛን ካገኙ ይመዝኑ።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ የሚታከኩት አራቱ ብቻ አይታከሙም። ዛሬ ደህና የሚመስሉት አሥሩም ማይት ይዘው ይሆናል፤ ለመታከክ ገና ስላልደረሱ ነው። 14ቱም በአንድ ቀን፣ ያ አውራ በግም ጭምር። ከዚያ የክሊኒኩ ባለሙያ በሚወስነው ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ውስጥ፣ ይደገማል። የመጀመሪያው ዙር እንቁላሉን አይገድልም። ሰው የሚሰንፈው ሁለተኛው ዙር ላይ ነው፤ በጎቹ ስለሚሻላቸው ይረሳል።

መንከር ካስፈለገ የመንዝን ብርድ አይርሱ። ፀሐያማ ጠዋት ይምረጡ፤ በጎቹ ከመሸ በፊት ይድረቁ። በጎቹን ቀድመው ውሃ ያጠጡ፤ የጠማው በግ የመድኃኒቱን ውሃ ይጠጣል። ለመውለድ የተቃረበችን በግና ትንንሽ ግልገሎችን አይንከሩ። ጓንት ያድርጉ፤ የተረፈውን ወንዝ ዳር ወይም ንብ ቀፎ አጠገብ አይድፉ። ጠጉሩ ረጅም ከሆነ አስቀድመው ይሸልቱ፤ የተሸለተውን ጠጉር ከደህና በጎች ያርቁ።

ቤቱም አለ። ማይቱ ከበጉ ወርዶ ምሰሶና ግድግዳ ላይ ሁለት ሳምንት ገደማ ሊቆይ ይችላል። ጉዝጓዙን ጠርገው ያቃጥሉ። ሌላ ማደሪያ ካለዎት የተታከሙትን ወደዚያ ያዛውሩና አሮጌውን ሦስት ሳምንት ባዶ ይተዉት። ልጆች ከበጎቹ ጋር አይተኙ፤ ቆዳ የሚቦረቡረው ማይት ሰውንም ለጊዜው ያሳክካል።

ሙክቶቹን በተመለከተ መልሴ ደስ አያሰኝዎትም። መድኃኒቱ ሥጋ ውስጥ ይቆያል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለእርድ ስንት ቀን እንደሚጠበቅ ብልቃጡ ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወር አያንስም። ስለዚህ አሁን ከታከሙ ለፋሲካ አይደርሱም። ሳይታከሙ መሸጥ ደግሞ በሽታውን ለሌላ ሰው በረት ማሻገር ነው። ያክሟቸው፣ ይቀልቧቸው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ጾም የለም፤ ቀኑ ከሞላላቸው በዚያ ወቅትም ገበያ ያገኛሉ።

በወል ግጦሽ ላይ ከእርስዎ በጎች ጋር የሚውሉት የጎረቤቶችዎም በጎች በዚያው ሳምንት ቢታከሙ ነው የሚበጀው። ለብቻዎ ካከሙ በጎችዎ በወሩ መልሰው ሊያዙ ይችላሉ። ቀበሌው ካለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግራችሁ አንድ ቀን ቁረጡ። ከአሁን በኋላ ከገበያ የሚገባ በግ ሁሉ ሦስት ሳምንት ለብቻው ይደር።

ከሁለተኛው ዙር በኋላ ሁለት ሳምንት ቆይቶም የሚታከክ ካለ ሦስተኛ መርፌ አይጨምሩ። ቅርፊቱን እንደገና አስፍቀው ያስመርምሩ።