ለሕክምና ብዬ ማኅፀኔን ባጣ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። 31 ዓመቴ ነው። በተክሊል ከተጋባን 2 ዓመት ሆነን፤ ልጅ ገና አልወለድንም። ሆዴ እየተነፋ ሲያስቸግረኝ ብመረመር በግራ በኩል ባለው የእንቁላል ማምረቻዬ (ኦቫሪ) ላይ ዕጢ ተገኘ። ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ኦፕሬሽን ያስፈልግሻል ተባልኩ። ተስፋፍቶ ከተገኘ ማኅፀኔም አብሮ ሊወጣ ይችላል። አማቴ «እግዜር የሰጠሽን አካል አታስቆርጪ፣ መጀመሪያ ጸበል ግቢ» ይሉኛል። ቅጣት ነው የሚሉኝም አሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ እኅቴ። መልሱን ላስቀድምልሽ። ኦፕሬሽኑን አታዘግዪ። ኃጢአት አይደለም።

አማትሽ የሚሉት ከባዶ የመጣ አይደለም። አባቶቻችን ጤነኛን አካል መቁረጥን አጥብቀው ከልክለዋል። ግን እዚያው ቀኖና ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች በመጀመሪያው ቀኖናቸው ያነሡት ይህንኑ ጉዳይ ነው። ጤነኛ ሆኖ ሳለ ራሱን የሰለበ በክህነት አያገልግል አሉ። ታሞ በሐኪም እጅ የተቆረጠ ግን በአገልግሎቱ ይኑር አሉ። ልብ በዪ፣ የተናገሩት ስለ ጣት ወይም ስለ እግር አይደለም፤ ስለ መውለጃ አካል ነው። ካህኑን ከመቅደስ ያላስወጣው ሕክምና አንቺን ከእግዚአብሔር ፊት አያርቅሽም።

ወደ ጸበሉ እንምጣ። ጸበል ያድናል፣ አምናለሁ፣ አይቻለሁም። ግን ጸበልና ሐኪም ተጣልተው አያውቁም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰማ፣ 15 ዓመትም ጨመረለት። ኢሳይያስ ግን ከዚያ በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና ቁስሉ ላይ አድርጉ አለ። ተስፋው ተሰጥቶ ሳለ መድኃኒቱ አልቀረም። ሲራክም በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይላል። ስለዚህ ተጠመቂ፣ እምነቱን ተቀቢ፣ ቀጠሮሽን ግን አታሳልፊ። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ቁስሉ እስኪሽር ሐኪሙ ሳይፈቅድልሽ ውኃ አታስነኪው።

ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። አንድ ጸበል ቦታ ሳስተምር ሆዷ ያበጠ እናት ነበሩ። ሁለት ማንኪያ ሲቀምሱ ጠገብኩ ይሉ ነበር። አንዱ ጨጓራ ነው ይላል፣ ሌላው መተት ነው ይላል። ሆስፒታል የተወሰዱት ከወራት በኋላ ነው። የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ነበር፣ ተሠራጭቷል። እኔም በየቀኑ እያየኋቸው አንድ ቀን «ተመርምረዋል?» ብዬ አልጠየቅኋቸውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይህን የምታነቡ እናቶችና እኅቶችም ስሙኝ። የዚህ በሽታ ምልክት ተራ ነገር ይመስላል፦ የሆድ መነፋት፣ ቶሎ መጥገብ፣ ከእምብርት በታች ሕመም፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት መምጣት። አዲስ ሆኖ ከጀመረና ሳምንታት ከቆየ፣ በአብዛኛው ቀንም ከተመላለሰ፣ ሐኪም ይየው፤ አልትራሳውንድም ጠይቁ። በጤና ጣቢያ የሚደረገው የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ይህንን አያሳይም። «ተመርምሬ ነፃ ነሽ ተብያለሁ» ብላችሁ አትዘናጉ። እናቷ ወይም እኅቷ በጡት ወይም በዚህ ካንሰር የታመመችባት ደግሞ ይበልጥ ትጠንቀቅ።

አሁን ወደ ልጅ ጉዳይ፣ ልብሽ ያለው እዚያ ነውና። በሽታው በጊዜ ከተደረሰበትና በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የታመመውን ወገን ብቻ አውጥቶ ሌላውንና ማኅፀኑን መተው ይቻላል። ከዚያ በኋላ የወለዱ እናቶች አሉ። ኪሞ ቴራፒ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ካስፈለገ ግን የቀረውን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከኦፕሬሽኑ በፊት ሐኪምሽን «መውለድ እፈልጋለሁ፣ ምን ማትረፍ ይቻላል?» ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቂ። አትፈሪ፣ ነውር አይደለም። ባለቤትሽም አብሮሽ ይግባ። በኋላ ከመጠየቅ አሁን መጠየቅ ይሻላል። አየሽ፣ አማትሽ የልጅ ልጅ ተስፋ እንዳይቋረጥ ፈርተው ቆዪ ቢሉሽም፣ ያንን ተስፋ የሚያጠበው መቆየቱ ነው።

ማትረፍ ባይቻልስ? ትዳርሽ ሙሉ ነው። ተክሊሉ የተደፋላችሁ ለልጅ ብቻ ብላችሁ አይደለም። ሕልቃና መካኗን ሐናን ያጽናናት ገና ሳሙኤል ሳይወለድ ነው፤ ከዐሥር ልጆች እኔ አልሻልሽምን አላት። ባልሽ ይህን ቃል ዛሬ ማታ እንዲያነብልሽ እፈልጋለሁ።

«ቅጣት ነው» ለሚሉሽ አትመልሺላቸው። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን አይተው ማን በደለ ብለው ጠይቀው ነበር። ጌታ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም አላቸው።

አማትሽን አትቆጪያቸው። ነፍስ አባትሽ ቤት መጥተው ቢያነጋግሯቸው የካህን ቃል ይሰማሉ ብዬ አስባለሁ። ጾም ቢሆን ሕመምተኛ አይገደድም፤ ለኪሞው ጊዜ ምን እንደምትበዪ ከሐኪምሽም ከነፍስ አባትሽም ጋር ተነጋገሪ። ከቀጠሮሽ በፊት ንስሐ ገብተሽ ቁረቢ። የክርስትና ስምሽንና የኦፕሬሽኑን ቀን ላኪልኝ፤ በዚያ ቀን በቅዳሴ ስምሽን እናነሣለን።