ኮምፕረሰር ከመግዛትህ በፊት ኤሲውን አጥፍተህ ስማው

ወንድሜ፣ «ኤሲ ስከፍት ሞተሩ አካባቢ ይጮሃል፣ ጋራዥ ኮምፕረሰር ቀይር አሉኝ፣ ምን ላድርግ?» ብለህ ለጠየቅከው ልመልስልህ። እኔም አዳማ ነው የምኖረው፣ ኮሮላ ነው የምነዳው፤ በዚህ ነገር ብዙ ብር አስወጥተውኛል። ያንተም እንደኔው ይመስለኛል። ኮምፕረሰር ማለት የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው ዕቃ ነው። እባክህ ገና ምንም እንዳትገዛ።

1. ሞተሩን አስነሳ፣ ኤሲውን ግን አትክፈት። ኮፈኑን ከፍተህ አዳምጥ። ጩኸቱ ኤሲው ጠፍቶም ካለ የኮምፕረሰሩ ውስጥ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ፑሊው፣ ማለትም ኮምፕረሰሩ ላይ ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ ብረት፣ ኤሲ ተከፈተም ተዘጋም ከቺንጋው ጋር ይዞራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፑሊው ኩሽኔታ ወይም የቺንጋው መወጠሪያ ነው። ሞተሩን አጥፍተህ ቺንጋውን አስፈታና ፑሊውን በእጅህ አዙረው። ከሻከረ ወይም ወዲያ ወዲህ ካለ ኩሽኔታው ብቻ ይቀየር። ብዙ መኪና ላይ ለዚህ ጋዙን ማስወጣት እንኳን አያስፈልግም። ይህን ሳያዩ «ሙሉ ኮምፕረሰር» የሚሉህን አትስማቸው።

ግን ችላም አትበለው። ኩሽኔታው ከነከሰ ቺንጋውን ይበጥሰዋል። እኔ መኪና ላይ ዳይናሞውንም ውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው። በግንቦት ሙቀት አዋሽ መንገድ ላይ ተበጥሶ ሞተሩ ሲፈላ አስበው።

2. የሚጮኸው ኤሲ ሲከፈት ብቻ ከሆነ ድምፁን ለየው። ኤሲ ሲከፈት ኮምፕረሰሩን ከፑሊው ጋር የሚያያይዘው የማግኔት ክላች ሲይዝ አንዴ «ጧ» ማለቱ ምንም አይደለም። ሲይዝ ሲጢጥ ካለ ቺንጋው ላልቷል ወይም ክላቹ ይንሸራተታል። የክላቹ ክፍተት ብዙ መኪና ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሲበላ ይሰፋል፣ ብዙ ጊዜ ስስ ሮንዴላ በመቀነስ ይስተካከላል። የሚያቃስት ከሆነ ደግሞ ከፊት ያለውን ኮንደንሰር እየው፤ ጋዙን የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር የሚመስለው ዕቃ ነው። የኛ ከተማ ንፋስና አቧራ ይደፍነዋል፣ ያኔ ግፊቱ ይጨምርና ኮምፕረሰሩ ይጨነቃል። ጋዝ ከልኩ በላይ ሲሞላም እንደዛው ነው። ኮንደንሰሩን ቀስ ባለ ውሃ አሳጥበው።

3. «ጋዝ እንሙላበት» ሲሉህ መጀመሪያ የት እንደሚያፈስ ጠይቅ። ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከቀነሰ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው። የሄድኩበት ጋራዥ ቀዳዳውን ሳይፈልግ ደጋግሞ ይሞላልኝ ነበር። የኮምፕረሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር ነው የሚዞረው። ጋዙ ሲያንስ ዘይቱ በደንብ አይመለስም፣ ብረት ከብረት ይፋጫል። በመጨረሻ ተንኳኩቶ ተንኳኩቶ ነከሰ። ያገለገለ ኮምፕረሰር አመጡና ገጠሙበት፣ ቱቦው አልታጠበ፣ እርጥበት የሚመጠው ማጣሪያ፣ ድራየሩ፣ አልተቀየረ። ብዙም ሳይቆይ ያው ድምፅ ተመለሰ።

ልጠይቅ ስሄድ ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። «መኪናህ አርጅቷል፣ ምን እናድርግህ» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። የወጣውን ዕቃዬን ስጡኝ ስል «ለቁራሌው ሰጥተነዋል» ተባልኩ። የኔ ዕቃ እኮ ነው! እስካሁን ይቆጨኛል።

ያዳነኝ ኤሲ ብቻ የሚሠራ አንድ ወጣት ነው። ቱቦውን ፈትቶ ጣቱን ከተተና አሳየኝ፣ ግራጫ የብረት ዱቄት። የመጀመሪያው ኮምፕረሰር ሲያልቅ የረጨውን ሁለተኛው እየዋጠው ነበር ማለት ነው። ድራየሩና ጋዙን በጠባብ ቀዳዳ የሚያሳልፈው ኤክስፓንሽን ቫልቭ ተቀየሩ። ኮንደንሰሩም ተቀየረ፣ ምክንያቱም በቀጫጭን መስመሮቹ ውስጥ የገባ ዱቄት ታጥቦ አይወጣም። ቱቦዎቹን አጠበ፣ ለኮምፕረሰሩ የተጻፈውን ዘይት ለክቶ ጨመረ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቫኪዩም አደረገ (አየሩንና እርጥበቱን በፓምፕ መጥጦ አወጣ)፣ ጋዙንም በሚዛን ሞላ። ልኩ በግራም ኮፈኑ ስር ተለጥፏል፣ አንተም ፈልገው። አሁን መተሐራ ድረስ በቀትር እሄዳለሁ፣ ድምፅ የሚባል የለም። ሰፈር ውስጥ ኤሲ የጮኸበት ሁሉ መጀመሪያ እኔ ጋ ነው የሚመጣው፣ ደስ እያለኝ ነው አይቼ የምነግራቸው።

4. መኪናህ ኤሌክትሪክ ከሆነ ይሄ ምክር አይሠራም። ኮምፕረሰሩ በቺንጋ አይዞርም፣ ዘይቱም ሌላ ነው፣ ገመዱ ደግሞ የሚገድል ኃይል አለው። የሚያውቅ ሰው ብቻ ይንካው።

ስለዚህ ቁልፍ ከመስጠትህ በፊት ጠይቃቸው፤ ኮምፕረሰሩ ውስጡ አልቆ ከሆነ ቱቦውን ታጥባላችሁ? ድራየር ትቀይራላችሁ? ቫኪዩም ታደርጋላችሁ? የወጣውን ዕቃ ትሰጡኛላችሁ? አንዱን «አያስፈልግም» ካሉህ ይዘህ ውጣ። ዛሬ ማታ ድምፁን ኤሲው ጠፍቶም በርቶም በስልክህ ቅዳና እዚሁ ለጥፈው፣ ሰምቼ የሚመስለኝን እነግርሃለሁ።