ሁለቱ ሳንቲሞች ከየት መጡ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ሰባት ሆነን አንድ የሞተር ጀልባ አለችን፤ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ ሰው ታመላልሳለች። ሒሳቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር የነዳጅ፣ የነጂና የጥገና ወጪ ተቀንሶ 41,250 ብር ተረፈን። በኤክሴል ለሰባት ባካፍለው የእያንዳንዳችን ድርሻ 5,892.86 ሆነ፤ ከታች ያለው ድምርም 41,250.00 ይላል። በስብሰባው ላይ ግን አንደኛው ባለድርሻ ሰባቱን ቁጥሮች በስልካቸው ደምረው 41,250.02 አገኙና «ሁለቱ ሳንቲሞች ከየት መጡ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ደግሞስ ይህን ቀመር በየወሩ እንደ አዲስ ከመጻፍ የሚያሳርፈኝ ዘዴ ይኖር ይሆን? (ገንዘብ ያዥ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ ሰውየው የጠየቁት የሚገባ ጥያቄ ነው፤ የስልካቸው ድምርም ልክ ነው። ኤክሴል በሴሉ ውስጥ የሚይዘው ቁጥርና ለዓይን የሚያሳየው ቁጥር ይለያያሉ። ድርሻው ያለበትን ሴል ይምረጡና የዴሲማል መጨመሪያውን ምልክት ደጋግመው ይጫኑ። 5,892.857142857 እያለ ይረዝማል፤ 142857 የሚሉት አሃዞች እየዞሩ ይመጣሉ፣ ለሰባት አልካፈል ያለ ቁጥር ጠባዩ ይህ ነው። 15 አሃዝ ከሞላ በኋላ ዜሮ ብቻ ይደረድራል። ከታች ያለው ድምር የተሠራው በዚህ ረጅም ቁጥር ስለሆነ 41,250 ይሞላል። ባለድርሻው የደመሩት ደግሞ ተጠጋግቶ የታየውን ነው። ወደ ሰባቱ የባንክ ደብተር የሚገባውም እርሱ ነው። እንዲያው ቢከፈል ኖሮ ከሌለ ገንዘብ 2 ሳንቲም ይወጣ ነበር።

ሁለት ሳንቲም ምን ትገዛለች የሚል ይኖራል። እኔ ግን የጋራ ገንዘብ በያዝኩባቸው ዓመታት ያየሁት፣ ሰው የሚጠራጠረው በገንዘቡ ብዛት ሳይሆን ድምሩ አልገጥም ሲለው ነው። መዝገቡን ማንም በስልኩ ደምሮ ሊያረጋግጠው ይገባል።

ስለዚህ ድርሻውን ማጠጋጋት ትተው ከሳንቲም በታች ያለውን ይቁረጡት። በኤክሴል ራውንድ ዳውን የሚባለው ፈንክሽን (ስሙ ሲጠራ የሚያሰላ ዝግጁ ቀመር) ይህን ይሠራል፤ ከነጥብ በኋላ 2 አሃዝ ብለው ያዙት። ድርሻው 5,892.85 ይሆናል፤ በሰባት ሲባዛ 41,249.95 ነው። የቀሩትን 5 ሳንቲሞች «ትራፊ» ብለው በራሳቸው መስመር ይጻፉና ለሚቀጥለው ወር ያሻግሩ።

ትራፊውን ሲያሰሉ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። በአንድ ባዶ ሴል 41,250 ሲቀነስ 41,249.95 ብለው ይሞክሩና ዴሲማሉን ያስረዝሙት፤ 0.05 ብሎ አያበቃም፣ 0.0500000000029 ይላል። ኮምፒውተር ቁጥርን የሚጽፈው በሁለትዮሽ፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ ነው። እኛ አንድን ለሦስት አካፍለን በነጥብ ጽፈን መጨረስ እንደማንችል ሁሉ፣ እርሱም 0.95ን በሁለትዮሽ ጽፎ አይጨርስም። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው አይ ትሪፕል ኢ 754 በተባለው መስፈርት ኤክሴል በሚጠቀምበት ዓይነት ለአንድ ቁጥር አሃዞች የተመደበው ቦታ 53 ቢት (53 የ0 ወይም የ1 ቦታ) ነው፤ የተረፈው ይጠጋጋል። ስለዚህ ትራፊውንም በራውንድ (በማጠጋጊያው ፈንክሽን) ወደ 2 አሃዝ ይመልሱት።

በየወሩ ከመጻፍ ለመዳን የራስዎን ፈንክሽን ይፍጠሩ። አዲሶቹ የኤክሴል ዕትሞች ላምዳ የሚባል ነገር አላቸው፦ ሁለት ግብዓት፣ ማለትም የተጣራ ገቢና የባለድርሻ ብዛት፣ የሚቀበለውን ቀመር አንዴ ጽፈው በኔም ማኔጀር (በኤክሴል የስሞች መዝገብ) በኩል «ድርሻ» የሚል ስም ይሰጡታል። ከዚያ ወዲያ ስሙን ጠርቶ ሁለቱን ቁጥሮች መስጠት ብቻ ነው። ሰባትን ቀመሩ ውስጥ አይቅበሩት፤ ነገ ስምንተኛ ባለድርሻ ሲገባ የት እንደተቀበረ ማን ያስታውሳል? ዕትምዎ አሮጌ ከሆነ ሁለቱን ቁጥሮች በሁለት ሴሎች አስቀምጠው ቀመሩ ከእነርሱ እንዲያነብ ያድርጉ። ኤክሴል የሚታየውን ብቻ እንዲይዝ የሚያስገድድ ምርጫም አለ፤ እርሱን አይንኩት፣ የቆረጠውን አሃዝ መልሶ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሊነክስ ላይ ቢሲ የሚባለውን ማስሊያ እየተማርኩ ነው። ስኬሉን (ከነጥብ በኋላ የሚቆዩትን አሃዞች ብዛት) 2 አድርጌ 2ን ለ3 ሳካፍል .66 ይለኛል። .67 አልነበረም እንዴ? ተበላሽቶ ይሆን? (ተማሪ)

መልስ፦ ልጄ፣ አልተበላሸም፤ ቢሲ ይቆርጣል እንጂ አያጠጋጋም። ይልቅ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ከላይ ያለውን የጀልባ ሒሳብ በስኬል 2 ሞክረው። 41,250ን ለ7 ብታካፍል 5892.85 ይሰጥሃል። መጀመሪያ 1ን ለ7 አካፍለህ ከዚያ በ41,250 ብታባዛ ግን 5775.00 ታገኛለህ፤ አንድ ሰባተኛን .14 ላይ ቆርጦታልና። ለአንድ ሰው 117 ብር ከ85 ሳንቲም ጠፋ። እኔም በወጣትነቴ የአንድ ማኅበር ሒሳብ ስይዝ እንዲሁ ቀድሜ አካፍዬ ሁለት አሃዝ ብቻ ጽፌ በማባዛቴ ጉድለት ፍለጋ ሦስት ሌሊት አድሬአለሁ። አስቀድመህ አባዛ፣ ማካፈሉን ወደ መጨረሻ አቆየው።

መቁረጥ ሲደጋገም ደግሞ ይከማቻል። በካናዳ የቫንኩቨር አክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. በ1982 ከ1000 የጀመረው የዋጋ አመልካች ግብይት በተካሄደ ቁጥር እየተሰላ ከሦስተኛው ዴሲማል በኋላ ይቆረጥ ነበር። በ22 ወር ውስጥ ወደ 520 አካባቢ ወረደ። ስሌቱ ሲታረም ከ1,098 በላይ ሆኖ ተገኘ።

የማጠጋጊያ ፈንክሽን በዲፋይን (በቢሲ የፈንክሽን ማወጃ ቃል) ጻፍ። ለአዎንታዊ ቁጥር 0.005 ደምርበትና በስኬል 2 ለ1 አካፍለው፤ ለ1 ማካፈሉ ከንቱ ቢመስልም ቢሲ ሲያካፍል ይቆርጣል እንጂ ሲደምር አይቆርጥም። ግን 2ን ለ3 በስኬል 2 አካፍለህ .66ን ብትሰጠው ያው .66 ይመልስልሃል፤ ስለዚህ ማካፈሉን በስኬል 10 ሥራና ውጤቱን ስጠው። ስኬል ደግሞ የፕሮግራሙ ሁሉ የጋራ ነው፤ ፈንክሽንህ ውስጥ 2 ብታደርገው ከወጣህም በኋላ 2 ሆኖ ይቆያል። ስትገባ የቆየውን ስኬል በአውቶ (በፈንክሽኑ ውስጥ ብቻ የሚኖር ስም ማወጃ ቃል) ባወጅከው ስም ያዘው፣ ከመመለስህ በፊት መልሰህ ተካው። ከዚያ 2ን ለ3 በፈንክሽንህ በኩል እንደገና ሞክር፤ .67 ይልሃል።