የሙያ ምክር፦ ለሥልጠና ናይሮቢ ስትሄጂ ካሜራሽን ያዢ

ጥያቄ፦ በአንድ አስመጪ ድርጅት የግዥ ባለሙያ ነኝ። በሚቀጥለው ወር ለአምስት ቀን ሥልጠና ናይሮቢ እላካለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ቢሾፍቱ ሐይቆቹ ዳር ወፍ ፎቶ አነሳለሁ፤ ያለኝ ሌንስ 70–300 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ጉዞ ተጠቅሜ ወደ ወፍ አስጎብኚነት ወይም ወደ ዱር እንስሳት ፎቶግራፍ መግባት እችላለሁ? አለቃዬ ቅር ይለው ይሆን?

መልስ፦ እህታችን፣ ከአለቃሽ እንጀምር። ፈቃዱን ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ጠይቂ። ከተቆረጠ በኋላ የመመለሻ ቀን ማስቀየር ቅጣት ሊኖረው ይችላል፤ ቅጣቱን ማን ይክፈል የሚለው ክርክር ደግሞ ፊት ያጠቁራል። ማመልከቻሽ ሁለት መስመር ይበቃዋል፦ «ሥልጠናው ዓርብ ያበቃል። ቅዳሜንና እሁድን በራሴ ወጪ ቆይቼ እሁድ ማታ እንድመለስ እንዲፈቀድልኝ፣ ለሁለቱ ቀናትም አበልም ሆነ የሆቴል ክፍያ እንደማልጠይቅ አሳውቃለሁ።» የድርጅቱ የጉዞ ኢንሹራንስ እነዚያን ቀናት ይሸፍን እንደሆነ አጣሪ፤ ካልሸፈነ ለሁለት ቀን የራስሽን ግዢ። ከሥልጠናው ክፍለ ጊዜ ግን አንድም አትቅሪ። የገባሽው ለሥልጠና ስለሆነም እዚያ ሳለሽ በክፍያ ፎቶ ለማንሳት አትስማሚ።

ቦሌ ላይ ሁለት ነገር ያስቸግራል። ካሜራውንና ሌንሱን ስትወጪ ጉምሩክ አስመዝግቢ፤ የግዥ ደረሰኝ ካለሽ ያዢው። አለዚያ ስትመለሺ «አዲስ ነው፣ ቀረጥ ክፈይ» ልትባዪ ትችያለሽ። ሌላው የርቀት መነጽር፣ ማለትም ባይናኩላር ነው። አገር ውስጥ ሲገባ ፈቃድ የሚጠየቅበት ዕቃ ስለሆነ ናይሮቢ ገዝተሽ እንዳትመጪ፤ ያለሽንም ከመያዝሽ በፊት ጉምሩክን ጠይቂ። ትርፍ ባትሪዎች በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሄዱም፤ ጫፋቸውን በፕላስተር ሸፍኚ። የኬንያ ሶኬት ባለ ሦስት አራት ማዕዘን እግር ስለሆነ አዳፕተር ካልያዝሽ ቻርጀርሽ አይሰካም። ድሮን ጨርሶ አትያዢ።

ቅዳሜን ለናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ስጪው። ፓርኩ በ1946 እ.ኤ.አ. የተከለለ፣ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ከከተማው መሃል 7 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቅ ነው፤ ከ400 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቦበታል። በሩ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል፣ አንቺም ያኔ በሩ ላይ ተገኚ። ከሾፌሩ ጋር ስትቀጣጠሪ ግን ተጠንቀቂ፦ ስዋሂሊም እንደኛ ከንጋት ስለሚቆጥር፣ በእንግሊዝኛ የተያዘ ቀጠሮ ስድስት ሰዓት ሊዛነፍ ይችላል። «ፀሐይ ሳትወጣ» ብለሽ ጨምሪበት። የመግቢያው ክፍያ በጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ ኢሲትዝን በሚባለው የመንግሥት የኢንተርኔት መክፈያ ስለሆነ ማታውኑ ሆቴል ሆነሽ ጨርሺው።

መኪናው ከፍ ያለ ይሁን። መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው፤ ዝናብ ካገኘው አጭር ታክሲ እዚያው ይውላል። ከተፈቀዱት ቦታዎች በስተቀር ከመኪና መውረድ ክልክል ስለሆነ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ጥቅም የለውም። በምትኩ ባዶ የጨርቅ ከረጢት ያዢና እዚያ ሁለት ኪሎ ያህል ባቄላ ወይም ሩዝ ገዝተሽ ሙዪው፤ የመስኮቱ ጠርዝ ላይ አድርገሽ ሌንሱን አስደግፊበት። መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ይውረድ፣ ሞተሩም ይጥፋ። ብዙ ፎቶ የሚበላሸው ከሞተር ንዝረት ነው፣ ጀማሪ ግን ሌንሱን ይረግማል። ሾፌሩን ፀሐይዋ ከኋላሽ በምትሆንበት በኩል እንዲያቆም አስቀድመሽ ንገሪው።

የ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለትንንሽ ወፎች ያጥራል። ስለዚህ ትልልቆቹን አሳጂ፦ ሰጎን፣ ሴክሬታሪ በርድ (እግረ ረጅም አዳኝ ወፍ)፣ ጥንብ አንሳ፣ ሐዋሳ አሳ ገበያ የምናውቀው አባ ኮዳ። ዝናቡ ሣሩን ካሳደገው የጃክሰን ዊዶበርድ የሚባለው ጥቁር ረጅም ጅራት ወፍ ሴት ለማማለል ከሣሩ በላይ ይዘላል፤ እሱን ካገኘሽ ሌላውን ተይና እዚያው ቆይ። ለቆመ ወፍ ሻተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/1000 ሰከንድ፣ ለሚበር ወይም ለሚዘል 1/2000 አድርጊ። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ለካሜራው ተይለትና ጣሪያውን 6400 ላይ ወስኚ። ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ ይታረማል፣ የደበዘዘ ግን አይታረምም። ለነጭ ወፍ ብርሃኑን ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ (የካሜራ የብርሃን መለኪያ) ቀንሺ፤ ካልቀነስሽ ላባው ዝርዝሩ የማይታይ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት ራቅ ያለውን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል፣ የትኛውም ሌንስ አያድነውም። ያን ጊዜ ወደ ኩሬዎቹ ተጠጊ፣ ወይም ወርደሽ ማረፍ ወደሚቻልበት የዝሆን ጥርስ ማቃጠያ ቦታ ሂጂ። አውራሪስ ካነሳሽ አዳኞች እንዳይጠቀሙበት የቦታ መረጃውን ከፎቶው ሳታጠፊ አትለጥፊ።

እሁድ ጠዋት እዚያው ናይሮቢ ያለውን ካሩራ ጫካን በእግር ዙሪ። ረፋድ ላይ ሯጩና ቤተሰቡ ስለሚበዛ ቶሎ ግቢ። እዚያ ብርሃኑ ስለሚያንስ ከፎቶው ይልቅ ድምፁን ተለማመጂ፤ መርሊን የተባለውን ወፍ ለመለየት የሚረዳ የስልክ መተግበሪያና ኬንያን የሚሸፍነውን ጥቅል አዲስ አበባ ሳለሽ አውርጂ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። የወፍ ፎቶ በመሸጥ ብቻ መኖር በጣም ከባድ ነው፤ ገበያው በነጻ ፎቶ የተሞላ ነው። አስጎብኚነት ግን የቀን ክፍያ ያለው ሥራ ነው፣ አገራችንም ከ800 በላይ ዝርያና ሌላ ቦታ የሌሉ ወፎች ስላሏት የሚፈልጋት ሰው አለ። ደንበኛው ከውጭ የሚመጣው ስለ ፎቶሽ ብሎ አይደለም፤ ወፏን በድምፅ ለይተሽ፣ «ከግራር ዛፉ ሁለተኛ ቅርንጫፍ፣ ከግንዱ በስተቀኝ» ብለሽ እሷ ሳትበር እንድታሳዪው ነው።

ስለዚህ ለቅዳሜው የወፍ አስጎብኚ ቅጠሪ፣ ብሩ አይቆጭሽ። በኬንያ የአስጎብኚዎች ማኅበር በፈተና ነሐስ፣ ብርና ወርቅ የሚሉ ደረጃዎች ይሰጣል፤ የብር ደረጃ ያለው ፈልጊና ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ እዪ፦ መኪናውን የት ያቆማል? ወፍ ሲጠፋ ለደንበኛው ምን ይላል? ምሳ ላይ ደግሞ ለፈተናው ምን እንዳነበበ፣ መኪናው የማን እንደሆነ፣ ሥራ በሌለባቸው ወራት በምን እንደሚተዳደር ጠይቂው። ከሁለት መቶ ፎቶ ይልቅ ይህ መልስ ይጠቅምሻል።

ያየሽውን ሁሉ በዕለቱ ኢበርድ በሚባለው የኢንተርኔት የወፍ መመዝገቢያ ላይ መዝግቢ፤ የጀመርሽበት ሰዓት፣ የቆየሽበት ደቂቃ፣ የሄድሽው ርቀትና የወፎቹ ብዛት ይግባ። እርግጠኛ ያልሆንሽበትን ዝርያ አትጻፊ፣ አንድ የተሳሳተ ስም የቀረውን መዝገብ ያስጠረጥራል። ነገ አስጎብኚ ድርጅት ዘንድ ስትሄጂ የምታሳዪው ይህንን መዝገብና በዝርያ ስም፣ በቦታና በቀን የተሰየሙ ሠላሳ ያህል ፎቶዎችን ነው። ሲቪሽ ላይ «ተፈጥሮ እወዳለሁ» ከማለት «በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክና በካሩራ ያየኋቸው ዝርያዎች መዝገብ» ብለሽ አያይዢው።

ሥራሽን ግን አሁን አትልቀቂ። የወፍ ተመልካቾች በብዛት ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡት ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው፤ የዚህን ዓመት ፈቃድሽን እዚያ ላይ አስቀምጪና ለአንድ ልምድ ያለው አስጎብኚ በረዳትነት ሂጂ። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቶ የደከመ ደንበኛ ማስደሰት ከተስማማሽ የዚያኔ እንደገና ጻፊልን።