ከአሜሪካ የመጣ የፓተንት ደብዳቤና «ሞጁል» የሚለው ቃል

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ የመስኖ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሠርተን ወደ አሜሪካ እንልካለን። «የአፈር እርጥበት መረጃ የሚቀበል የቁጥጥር ሞጁል» የሚለውን የፓተንታችንን ክሌም (ፓተንቱ የሚጠብቀውን ወሰን የሚገልጸውን አንቀጽ) ጥሳችኋል የሚል ደብዳቤ ከጠበቆች ደረሰን። የእኛ መሣሪያ ለብቻው የቆመ ሞጁል የለውም፤ ሥራው በሶፍትዌር ነው። መዝገበ ቃላት ጠቅሰን ብንመልስ ያዋጣል?

መልስ፦ መዝገበ ቃላቱን ለጊዜው አቆዩት። በአሜሪካ አከራካሪ የክሌም ቃል የሚተረጉመው ዳኛው እንጂ ጁሪው (ለችሎቱ ከሕዝብ የሚመረጡት ፈራጆች) አይደለም፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1996 በማርክማን ጉዳይ ተወስኗል። በ2005 በፊሊፕስ ውሳኔ እንደጸናው፣ ዳኛው የሙያው ሰው በፈጠራው ጊዜ ቃሉን እንዴት ይረዳው እንደነበር ከክሌሞቹ፣ ከዝርዝር መግለጫውና አመልካቹ ከፓተንት ቢሮው ጋር ካደረገው ምልልስ ይፈልጋል። መዝገበ ቃላትና የባለሙያ ምስክር ከእነዚህ በታች ናቸው።

ስለዚህ በፓተንቱ ቁጥር የምልልሱን መዝገብ ከቢሮው ድረ ገጽ በነጻ አውርዱ። ብዙ ጊዜ መከላከያው የሚገኘው እዚያ ነው። መርማሪው «ይህ የታወቀ ነው» ብሎ ሲመልስበት አመልካቹ «የእኛ ግን የተለየ ቺፕ ነው» ብሎ በግልጽ ተከራክሮ ከሆነ፣ ዛሬ ሶፍትዌርንም ይጨምራል ማለት አይችልም። በአንጻሩ ክሌም 1 «ሞጁል» ብቻ ብሎ ክሌም 5 «ሞጁሉ ቺፕ የሆነ» ካለ፣ ክሌም 1 ሰፊ ነው ተብሎ ይገመታል። ያ ለእናንተ አይበጅም።

እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማየው ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በዊሊያምሰንና በሲትሪክስ ክርክር የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት እዚያ የነበረው «ሞጁል» ተግባርን እንጂ የታወቀ አካልን አያመለክትም አለ። እንዲህ ሲሆን ክሌሙ የሚሸፍነው በመግለጫው የሰፈረውን አሠራርና አቻውን ብቻ ነው። ሥራው የሶፍትዌር ሆኖ አልጎሪዝሙ (ሶፍትዌሩ ሥራውን ደረጃ በደረጃ የሚያከናውንበት መንገድ) በመግለጫው ከሌለ ደግሞ ክሌሙ ግልጽነት ጎድሎት ይወድቃል።

አንድ ወጥመድ አለ። አልጣስንም ለማለት ቃሉን አጥብባችሁ፣ ፓተንቱን ለማፍረስ ደግሞ አስፍታችሁ መተርጎም አትችሉም፤ ትርጉሙ ለሁለቱም አንድ ነው። አቋማችሁ ሳይለይ የመሣሪያውን አሠራር የሚዘረዝር ኢሜይል አትላኩ፤ ከዚህ በፊት የተጻጻፋችኋቸውንም ኢሜይሎች አታጥፉ። «ደርሶናል፣ እየመረመርን ነው» ማለት ለጊዜው ይበቃል። ዝም ብላችሁ መላኩን መቀጠል ግን አደጋ አለው፤ አውቆ መጣስ ከተባለ ካሳው እስከ 3 እጥፍ ሊያድግ ይችላል።

ፓተንቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ካልተመዘገበ እዚህ የምትሸጡትን አይነካም። አሜሪካ የሚያስገባው ገዢያችሁ ግን በራሱ ሊከሰስ ስለሚችል፣ በውላችሁ የካሳ ግዴታ ገብታችሁለት እንደሆነ ዛሬውኑ እዩ።