ሻንዥማን ሲፈጥን ከሙዚቃው ወደኋላ ለምትቀሪው

ሻንዥማን፣ ያ አየር ላይ የፊትና የኋላ እግራችንን የምንቀያይርበት የባሌ ዝላይ፣ ሲፈጥንብሽ መጀመሪያ የዝላይሽን ከፍታ ቀንሺ። ለፈጣን ሙዚቃ ጣቶችሽ ከመሬት ለቀው እስኪዘረጉ ድረስ ብቻ መነሳት ይበቃሻል።

«ተረከዜ አይወርድም፣ እግሬም አየር ላይ አይዘረጋም» ያልሽው አንድ ችግር ነው። ተረከዝ ካልወረደ ፕሊዬው፣ ማለትም ጉልበትን ማጠፉ፣ ይቆረጣል። ፕሊዬ ከሌለ ደግሞ መሬቱን የምትገፊበት ኃይል ከየት ይመጣል?

ባሩን (የልምምድ መደገፊያውን ዘንግ) በሁለት እጅሽ ይዘሽ በመጀመሪያ ፖዚሽን (ተረከዞች ተገጣጥመው ጣቶች ወደ ውጭ ዞረው) ሶቴ ሥሪ፣ ማለትም በሁለት እግር ቀጥ ብለሽ ዝለይ፣ ያለ ሙዚቃ፣ በዝግታ። ስታርፊ መጀመሪያ ጣት፣ ቀጥሎ የእግርሽ መዳፍ፣ በመጨረሻ ተረከዝ። ዱብ የሚል ድምፅ ከሰማሽ አንዱን ዘለሽዋል ማለት ነው። ፕሊዬው ውስጥ ግን አትቀመጪ፤ ተረከዝሽ መሬት እንደነካ ወዲያው ግፊ። ይሄ ሲስተካከል ባሩን ልቀቂና ወደ ሻንዥማን እለፊ፤ ፍጥነቱን በትንሽ በትንሹ ጨምሪ።

ትከሻሽንም ዘና አድርጊው። የዴንማርኩን የቡርኖንቪል የባሌ ስልት የሚደንሱትን ተመልከቺ፤ እግራቸው እንደዚያ እየፈጠነ ከወገብ በላይ እርግት ያሉ ናቸው። በጣም ነው የምወደው።

አንድ ነገር አደራ፦ ቤት ውስጥ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ላይ አትዝለይ። የቅልጥም ሕመም ብዙ ተማሪ ላይ ሲጀምር ያየሁት እንደዚህ ነው። ቤት ፈጣን ታንዱ (እግርን መሬት ላይ አንሸራትቶ መዘርጋት) እና ሩለቬ (ተረከዝን አንስቶ ከፍ ማለት) ሥሪ፤ ዝላዩን ለስቱዲዮው የእንጨት ወለል አቆዪው። ቅልጥምሽን ስትጫኚው የሚያምሽ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ አቁሚና ለመምህርሽ ንገሪ።